በአሥራ አንደኛው ደቂቃ የሚመጣው ጉብታ

የውሃ መመርመሪያው ላብራቶሪ ሠራተኞች እናቱ ያወጣችለትን ስም ከረሱት ቆይተዋል። ለእነሱ ጠብታ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ ነው የኖረው። ጠዋት ነጭ ጋዋኑን ይለብሳል፣ ፒፔት የሚሏትን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ያነሳል፣ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ይውልና ወደ ቤቱ ይገባል። ቤቱም ገብቶ አያርፍም። ሻዩ ላይ ሎሚ የሚጨምቀው በቁጥር ነው፣ ሰባት ጠብታ። ስምንተኛዋ ካመለጠችው ሻዩን ደፍቶ አዲስ ይቀዳል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ መጀመሪያ ላይ ትናደድ ነበር። በኋላ ግን የዓይን መድኃኒት የታዘዘለት ጎረቤት ሁሉ እሷ ሳሎን እየመጣ፣ ተንጋሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ባሏን ሲጠብቅ ስታይ ሙያው ለሰው እንደሚጠቅም ገብቷት ተወችው።

ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። በድሮው ዘዴ፣ ማለትም በወረቀቱ፣ እሱን የሚስተካከል አልነበረም። ከሚመረመረው ነገር አንዲት ጠብታ ወረቀት ላይ ታርፋለች። የወረቀቱ ጫፍ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ፈሳሹ ወረቀቱን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ በጠብታዋ ውስጥ የተደባለቁትን ነገሮች እየጎተተ ይሄዳል፤ ቀላሉ ይቀድማል፣ ወረቀቱን የሙጥኝ ያለው ወደኋላ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም በየቦታው ነጠብጣብ ሆኖ ይገኛል። ጠብታ እነዚህን ነጠብጣቦች ሰው ጋዜጣ በሚያነብበት ፍጥነት ያነብባቸው ነበር። ነጠብጣቡ ያልነገረውን ደግሞ አፍንጫው ይነግረዋል። አንድ ጊዜ ከጉድጓድ የመጣ ውሃ አሽትቶ፣ የፓምፑ ናፍጣ እያፈሰሰ ነው፣ የሚያፈስሰውም በግራ በኩል ነው አለ። ሄደው ሲያዩ በግራ በኩል ነበር። ግራና ቀኙን እንዴት እንዳሸተተው እስከ ዛሬ አልተናገረም፤ እኔ ግን በግምት ነው ባይ ነኝ።

አንድ ልማድ አለው። አናጢ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሚሰካ እሱም ፒፔቷን ጆሮው ላይ ይሰካል። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣት ተንከባልላ ትሰበራለች፤ ጆሮ ላይ ግን የት ትሄዳለች? በወረቀቱ ዘመን ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ፀጉሩ ሳይሰናበተው ሄደ። መጀመሪያ ከፊት፣ ከዚያ ከመሐል፣ ከዚያ ከሁሉም ቦታ። ጠብታ ኮፍያ ገዛ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበረም፤ መላጣ መሆን ወንጀል አይደለም። ግን የሚስቱ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ያውም ዐዋቂ ነኝ ባይ። ይህ አማቹ በትንሽ ቆርቆሮ የተሞላ ቅባት ሰጠው። በየጠዋቱ አናቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጆሮው ኋላ ያለውን ቦታ አጥብቆ እንዲቀባ አዘዘው፤ ፀጉር መመለስ የሚጀምረው ከዳር ነው ብሎ። አማቹ ራሱ አናቱ የሚያብረቀርቅ መላጣ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቅ፣ ሐኪም አይታመምም ያለው ማነው ይላል። ጠብታ ይህን መልስ በቂ ሆኖ አገኘው። የተቸገረ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ቅባቱን ከሰው ሁሉ ደበቀ፤ ለዚህም ምክንያት ነበረው። የላብራቶሪው ጥበቃ ሽበቱን ጥቁር ቀለም በተቀባ ጊዜ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ያደረገው ጠብታ ነው። ሲገባ፣ እንደምን አደርክ ጎረምሳው ይለዋል፤ ሲወጣ፣ እናትህ እንዳትቆጣህ ቶሎ ግባ ይለዋል። አሁን እሱ ራሱ ቅባት ሲለቀለቅ ቢገኝ ምን ሊውጠው ነው? ሽታውም ቢሆን አላጋለጠውም። ሚስቱ የላብራቶሪው መድኃኒት ሽታ ነው ብላ ታዝንለታለች፤ ላብራቶሪው ደግሞ የቤቱ ቁም ሣጥን ሽታ ነው ብሎ ዝም ብሎታል።

ከዚያ አዲሱ ማሽን መጣ። ምድጃ የሚያክል ሣጥን ነው፤ ውስጡ ሠላሳ ሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ ከክር የማይበልጥ ቱቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሚመረመረው ነገር በመርፌ ይገባል፣ በሙቀት ይተንናል፣ ጋዝ ከኋላ እየገፋው ቱቦውን ይጓዛል። እንደ ወረቀቱ ሁሉ እዚህም ፈጣኑ ይቀድማል፣ ቀርፋፋው ይዘገያል። እያንዳንዱ በራሱ ደቂቃ ከቱቦው ሲወጣ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ጉብታ ይነሳል። የስንተኛው ደቂቃ ጉብታ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ ስሙን መጥራት ነው። ያልተዋወቀው ነገር ሲመጣ ግን ማሽኑ ጉብታውን ሠርቶ ዝም ይላል። ማሽኑን ያመጣችው አዲሷ ኃላፊ ናት። በዕድሜ ከጠብታ የመጀመሪያ ልጅ ታንሳለች፣ በትምህርት ግን ሁሉንም ታስንቃለች። ማሽኑ በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ የጠፋችን የጠብታ ስባሪ ያያል ስትላቸው ጠብታ ለራሱ የተነገረ ምስጋና ያህል ደስ አለው። ሥራውም ተከፋፈለ፤ ናሙናውን እሱ በፒፔቱ ያዘጋጃል፣ ማሽኑ ውስጥ እሷ ታስገባለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ከምሥራቁ ጉድጓድ የመጣው ውሃ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጉብታ አሳየ። ማሽኑ አላወቀውም። ኃላፊዋ ደነገጠች፣ ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ሰፈሩ ሦስት ቀን ሙሉ በጄሪካን ሲንከራተት ሰነበተ። ቀጥሎ የምዕራቡ ጉድጓድ ተመረመረ፤ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጉብታ። የወንዙ ውሃም ጉብታ፣ የዝናቡ ውሃም ጉብታ። በመጨረሻ ላብራቶሪው ራሱ አፍልቶና አትንኖ ያጣራውን፣ ምንም የሌለበትን ውሃ አስገቡ። ጉብታው በሰዓቱ መጣ፤ ከሠራተኞቹ ሁሉ ሰዓት አክባሪው እሱ ነበር።

ኃላፊዋ ሰበሰበቻቸው። ምንም በሌለበት ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ከተገኘ ያንን ነገር የምናመጣው እኛው ነን አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ይከብዳል። ሽቶ ተከለከለ፣ የእጅ ቅባት ተከለከለ፣ ማስቲካ ተከለከለ። አንዱ ሌላውን በጎን ሲያልፍ ማሽተት ጀመረ። ጠብታ የጥበቃውን ፀጉር ቀለም ጠቆመ፤ በኮፍያው ስር ያለውን ፈጽሞ ረስቶ፣ በሙሉ ልቡ፣ ለሥራው ተቆርቁሮ ነው የጠቆመው። ጥበቃው ከግቢው በር እንዲርቅ ታዘዘ፤ በር የሚጠብቅ ሰው ከበር ርቆ ምን እንደሚጠብቅ የጠየቀ የለም። ምስኪኑ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ግቢውን በሩቁ ሲጠብቅ ሰነበተ። ጉብታው ግን ንቅንቅ አላለም።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዕቃው። ውሃው የሚያርፍበት ብልቃጥ፣ ብርጭቆ፣ ቱቦ፣ ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ሰው እጅ ነው። ዕቃ አጣቢዋ እትዬ አረፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክንዳቸው ድረስ ሳሙና ውስጥ ገብተው የኖሩ፣ ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከመንፈቅ የቀራቸው ሴት ናቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ ዕቃው በአግባቡ ስለማይታጠብ አጣቢዋ ከዓርብ ጀምሮ ይሰናበቱ ይላል። እንዲህ ከተሰናበቱ ጡረታውም ቀረ ማለት ነው።

ኃላፊዋ ልቧ አልቆረጠም። ከመፈረሟ በፊት አንድ የመጨረሻ ዘዴ ልሞክር አለች። ከቱቦው መጨረሻ የሚወጣውን ጋዝ ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹ ወደ ማሽኑ፣ ግማሹ በጽዋ ቅርጽ ወደተሠራ መስታወት እንዲሄድ አደረገች። መስታወቱ ላይ የሰው አፍንጫ ይገባል። ማሽኑ ጉብታውን ሲስል፣ ሰውየው በዚያው ቅጽበት ያንኑ ነገር ያሸትታል። አፍንጫ ሲባል ሁሉም ወደ ጠብታ ዞሩ። ጠብታ ኮፍያውን አስተካከለ። ለዚህች ቀን የተፈጠረ መሰለው።

ማክሰኞ ጠዋት ተቀመጠ። ናሙናውን እንደ ወትሮው ራሱ አዘጋጅቶ፣ ፒፔቷን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ውስጥ ከተተ። ኃላፊዋ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች፣ እትዬ አረፋ በሩ ላይ ሽርጣቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አልኮል አለ፤ ልክ ነው። ስድስተኛው ላይ የላስቲክ ክዳን አለ፤ ልክ ነው። ኃላፊዋ በአድናቆት ጻፈች። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ሲገባ አየር ሳበ።

ትራሱ ነበር። የገዛ ትራሱ፣ በየጠዋቱ ከእንቅልፉ ሲነሳ ጉንጩ ላይ የሚቀረው ሽታ። ሳይታወቀው እጁ ወደ ጆሮው ሄደ፣ ፒፔቷን ነካ፣ ሁሉም ነገር ግልጥልጥ አለለት። የተዘጋው ጉድጓድ፣ ጄሪካን የተሸከመው ሰፈር፣ ከመንገድ ማዶ የቆመው ጥበቃ፣ ሁሉም የተነሳው ከእሱ ጆሮ ኋላ ነው። ኃላፊዋ ምን ምን እንደሚል ጠየቀችው። ኮፍያውን ሲያወልቅ ታየው፣ የጥበቃው ሳቅ ተሰማው።

«ሳሙና» አለ። «ሳሙና ይመስለኛል።»

አፉ ካሰበው በላይ ፈጠነ። ኃላፊዋ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ጻፈችው። እትዬ አረፋ ወደ ማጠቢያ ክፍላቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ አረፋ ዕቃ ግምጃ ቤት ድረስ ፈልገውት መጡ። ጠብታ ሊቆጡት ነው ብሎ ከመደርደሪያ ኋላ ሊሸሸግ ቃጣው። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አፍንጫው ስር አደረጉለት። ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀዋል፤ ከጉብታው ወዲህ እያንዳንዱን ዕቃ አምስት አምስት ጊዜ ሲያጥቡ ነው የከረሙት።

«እስቲ አሽትትልኝ» አሉት። «አንተ ሳሙና ካልክ ሳሙና ነው፤ አፍንጫህ እንደማይዋሽ አውቃለሁ። ባጠፋሁት አልከራከርም። የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ብቻ ንገረኝ።»

ጠብታ ማሽተት አልቻለም። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ሸሸ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ራሱን ጠላው፤ መጥላትም ይገባው ነበር።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ አማቹ ፀጉር ቤት ሄደ። ተስፋው ቅባቱ ከሳሙና የተሠራ ሆኖ እንዲገኝ ነበር፤ እንደዚያ ከሆነ ሳሙና ማለቱ ውሸት አይሆንም። ሰው ጭንቅ ሲይዘው የማይፈልገው ቀዳዳ የለም። አማቹ የደንበኛ ጢም እየላጨ ነበር፤ ምሥጢሩን አልናገርም ብሎ ትንሽ ተኩራራ፣ ጠብታ ኮሌታውን ሲይዘው ግን ተናገረ። የቅርንፉድ ዘይት፣ ካምፎር፣ ቫዝሊን፣ በመጨረሻም ጥቂት ጥቁር የጫማ ቀለም። ጠብታ የጫማ ቀለሙ ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ፀጉሩ እስኪወጣ ድረስ የወጣ እንዲመስል ነው አለ አማቹ፣ ይህ እንዴት አይገባህም በሚል ፊት። ጠብታ ላለፉት አምስት ወራት በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ጠቆር ያለውን አናቱን እያየ፣ በቀለ፣ እውነትም በቀለ ሲል እንደነበር ትዝ አለው። የሚላጨው ደንበኛ ጢሙ በአረፋ ተሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፈው አይጠየቅም። ሻዩ ላይ ሎሚውን ሳይቆጥር ጨመቀው፤ ሚስቱ ታመመ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

ዓርብ ጠዋት የኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤው ተዘርግቷል። እትዬ አረፋ የማጠቢያ ክፍሉን ቁልፍ አስቀምጠው፣ ሽርጣቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ሠራተኛው ሁሉ ሊሰናበታቸው መጥቷል፤ ጥበቃው ሳይቀር ከመንገድ ማዶ ተጠርቶ ገብቷል። ኃላፊዋ እስክሪብቶ ስታነሳ ጠብታ ሰው እየገፋ መጣና ኮፍያውን አወለቀ።

አናቱ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ማንም አልገባውም። ኃላፊዋ፣ ጋሼ ምን ሆኑ፣ ወድቀው ነው ወይ አለችው። ያኔ ሁሉንም አወጣው፤ አማቹን፣ ቆርቆሮውን፣ ቅርንፉዱን፣ የጫማ ቀለሙን፣ ጆሮው ላይ የሚሰካትን ፒፔት። ኃላፊዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ የተማረ ሰው ወግ ነውና በወሬ አላመነችም፤ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክራ፣ ከጆሮው ኋላ ጠረግ አድርጋ፣ ከጥጡ የጨመቀችውን ማሽኑ ውስጥ አስገባች። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሰው ሁሉ ኮምፒዩተሩን ከቦ ቆመ። ጠብታ በመሐላቸው ራቁት አናቱን ይዞ ቆመ። ሰዓቱ ሲደርስ ጉብታው ተነሳ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ኮምፒዩተሩን አልፎ ጫፉ ጠፋ። ማሽኑ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ቀይ መብራት አበራ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥበቃው ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ መብቱ ነው። ኃላፊዋ ደብዳቤውን በእጇ እንደያዘች ሆዷን ይዛ ሳቀች። እትዬ አረፋ ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ የእሳቸው እንባ ግን የሳቅ ብቻ አይመስልም ነበር። ጠብታም ሳቀ። የፈራው ነገር ደርሶ አለፈ፣ እሱም አልሞተም፣ ደረቱ ቀለል አለው።

ኃላፊዋ ዓይኗን እየጠረገች ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደችው። ከዚያ እግረ መንገዷን፣ ክፋት ሳይኖራት፣ አንድ ነገር ገረመኝ አለች፤ ማክሰኞ ዕለት የገዛ ሽታው እንዴት እንዳመለጠው። መልሱንም ራሷ አቀረበችለት። ጉንፋን ይዞኛል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ለካ ለዚህ ነው አለችው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው፣ ደብዳቤው ተቀዷል፣ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ጠብታ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ የእትዬ አረፋ እጅ ላይ አረፈ።

«አላመለጠኝም» አለ። «ማክሰኞ ዕለት አውቄው ነበር።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። መጨረሻ ላይ የቀረው የጥበቃው ነበር፤ እሱም ዙሪያውን አይቶ ዝም አለ።

እትዬ አረፋ ቀረብ አሉት። «ሳሙና ስትል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«እጄን ሳመጣልህስ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ሰውየው መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠው ፈለገ፤ መሬት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

«አፍንጫህን አምኜ የገዛ እጄን ጠልቼው ነበር» አሉት እትዬ አረፋ።

ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ያጣጠፉትን ሽርጥ አወጡ፣ በጠብታ አንገት ላይ አጠለቁለት። ቁልፋቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ወደ ማጠቢያ ክፍሉ መንገድ ጀመሩ። ጠብታ ማንም ሳያዘው ተከተላቸው።

የሳምንቱ ዕቃ ገንዳው ውስጥ ተቆልሏል። እትዬ አረፋ መስኮቱ ስር ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ሲቀመጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ጠብታ እጅጌውን ሰብስቦ አንድ ብልቃጥ አነሳ። በሳሙና አጠበ፣ በሙቅ ውሃ አለቀለቀ፣ በተጣራ ውሃ አለቀለቀ፣ አንገቱን በብሩሽ ፈተገ፣ እንደገና አለቀለቀ። ጣቶቹ ቀሉ፣ የጋዋኑ ደረት በውሃ ራሰ። ሲጨርስ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላቸው።

እትዬ አረፋ ብልቃጡን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። በቀስታ አዟዟሩት፤ አፉን አዩ፣ ሆዱን አዩ፣ ቂጡን አዩ። አንዲት ነጥብ የለበትም ነበር።

«ድገመው» ብለው መለሱለት።

ጠብታ ተቀብሎ ደገመው።